በጥላ ሥር ያደጉ ቅጠላ ቅመሞች፦ የኢትዮጵያ ጓሮ ታሪክ

ጓሮ ከቤቱ ጀርባ፣ ከማድቤቱ በር ጥቂት እርምጃ ብቻ ርቆ የሚገኝ ትንሽ መሬት ነው። ጎመንና ጌሾ፣ ጤና አዳምና በሶብላ፣ ኮሰረትና ዳማ ከሴ ተጠጋግተው ይበቅሉበታል። ማሳው የበሬና የሞፈር፣ በአብዛኛውም የወንድ ሥራ ሲሆን ጓሮው የመኮትኮቻና የእጅ፣ በአብዛኛውም የሴት ሥራ ነው። ማሳው ሙሉ ፀሐይ ይፈልጋል። ጓሮው ግን በጥላ ሲጠቀም ኖሯል፤ የቤቱ ግድግዳ፣ የዋንዛው ቅርንጫፍ፣ የእንሰቱ ሰፊ ቅጠልና የቤተ ክርስቲያኑ ጥድ የሚጥሉት ጥላ የትኛው ቅጠል የት እንደሚኖር ወስኗል። የነገሥታት ዜና መዋዕል ስለ ጓሮ እምብዛም አያነሣም። ስለዚህ ታሪኩ የሚሰበሰበው ከተጓዦች ማስታወሻ፣ ከደብተራ የመድኃኒት መጻሕፍት፣ ከዕፅዋት ተመራማሪዎች ሥራና ዛሬም በሕይወት ካሉት ጓሮዎች ነው።

ጥላ ለምን ይህን ያህል እንደሚያስፈልግ ለመረዳት የደጋውንና የወይና ደጋውን ዓመት ማየት ይበቃል። ዋናው ዝናብ ከሰኔ እስከ መስከረም ይወርዳል፤ ከዚያ በኋላ በልግ የማይደርስበት አካባቢ ብዙ ወር ያለ ዝናብ ይቆያል። የዓመት ሰብል ይህን ጊዜ በዘር መልክ ተኝቶ ያልፈዋል። ጤና አዳም፣ ኮሰረት፣ ጌሾና ዳማ ከሴ ግን ሥራቸው መሬት ውስጥ እንዳለ፣ ቅጠላቸውም ዓመቱን ሙሉ እየተቀነጠሰ መክረም አለባቸው። ጥላ ያለበት አፈር እርጥበቱን ቶሎ አይለቅም። በዚያ ላይ ከማድቤት የሚወጣው የዕቃ እጣቢ፣ የምድጃው አመድና ከበረቱ የሚጠረገው ፍግ የሚደፋው በዚሁ በቤቱ ዙሪያ ነው። ለምለሙና የረጠበው አፈር ከደጃፉ አጠገብ ስለሆነ ቅመሙም እዚያው ቀረ፤ የወጥ ቤቷ እመቤትም ወጡ ሳይወርድ ቀንጥሳ መመለስ ቻለች።

በጓሮው የሚገኙት ቅጠሎች አመጣጣቸው ልዩ ልዩ ነው። ከሀገሩ የበቀሉ አሉ፤ ኮሰረት፣ ኮረሪማና ጥምዝ ከእነዚህ ይቆጠራሉ። በሌላ በኩል የጤና አዳም የትውልድ ስፍራ የሜዲትራኒያን ባሕር ዙሪያ ሲሆን፣ በሉቃስ ወንጌል ፈሪሳውያን አሥራት ከሚያወጡባቸው አትክልቶች አንዱ ሆኖ ተጠቅሷል። የጥብስ ቅጠል ወይም ስጋ መጥበሻ የሚባለውም የዚያው አካባቢ ተክል ነው። በርበሬ የመጣው ከአሜሪካ አህጉር ስለሆነ ከ16ኛው ክፍለ ዘመን በፊት በኢትዮጵያ ሊኖር አይችልም። ሆኖም ወደ ወጡ ከገባ በኋላ የቀሩትን ቅመሞች ሁሉ በዙሪያው ሰብስቧል። ዛሬ በርበሬ ሲዘጋጅ በሶብላው፣ የጤና አዳሙ ፍሬ፣ ድንብላሉ፣ ነጭና ጥቁር አዝሙዱ፣ ኮረሪማው አብሮ ይገባል። ከባሕር ማዶ የመጣው ፍሬና የጓሮው ቅጠል በአንድ ሙቀጫ ተገናኝተው የሀገሩን ዋና ጣዕም ሠሩ ማለት ነው። የሩሲያው ተመራማሪ ኒኮላይ ቫቪሎቭ እ.ኤ.አ. በ1927 ወደ ኢትዮጵያ መጥቶ የሰብል ዘር ከሰበሰበ በኋላ ሀገሪቱን ከዓለም ዋና ዋና የሰብል መገኛ ማዕከሎች መካከል አስቀምጧታል። ዝናውን ያገኙት ግን እንደ ገብስና ስንዴ ያሉ የማሳ እህሎች ናቸው። በሴቶች እጅ የተጠበቀው የጓሮ ሀብት የሚገባውን ትኩረት ለማግኘት ብዙ ዓመት መጠበቅ ነበረበት።

በሰሜን የከተማ ጥላ ከተመዘገበባቸው ጥንታዊ ቦታዎች አንዱ ጎንደር ነው። ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጄምስ ብሩስ ከተማዋ የደረሰው እ.ኤ.አ. በ1770 ነበር። በ1790 ባሳተመው የጉዞ መጽሐፉ በየቤቱ ዙሪያ ሁለት ሦስት የዋንዛ ዛፍ እንደሚተከልና ከኮረብታ ላይ ለሚያይ ሰው ጎንደር ከተማ ሳትሆን ደን እንደምትመስል ጽፏል። ዝናቡ ሊያበቃ ሲል፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መስከረም ሲጠባ፣ ዛፎቹ ሁሉ ድንገት ነጭ አበባ ያፈነዳሉ፤ ብሩስም ከተማዋን ነጭ ጨርቅ ከለበሰች ወይም በረዶ ከወረደባት ከተማ ጋር አመሳስሏታል። ዋንዛ ለከበሮ፣ ለሙቀጫና ለበር የሚሆን እንጨት ይሰጣል፤ ፍሬው ይበላል፤ ንቦች አበባውን ይወዱታል፤ የረገፈው ቅጠል ደግሞ አፈሩን ያለማል። የጎንደር ሰው ለአበባው ብቻ ብሎ አልተከለውም። ቢሆንም የዘመን መለወጫ ሲመጣ ከተማው በሙሉ በአበባ የሚሸፈነው በእነዚህ የጓሮ ዛፎች ነበር።

ይህ ነገር ስለ ጓሮው አበባ ብዙ ያስረዳል። የመስከረም አበባ ሲነሣ ማንም ሰው መጀመሪያ የሚያስበው አደይን ነው። አደይ አበባ ግን የጓሮ ተክል አልነበረም። በክረምቱ ዝናብ በራሱ በቅሎ በሜዳው፣ በማሳው ዳርና በተራራው ጎን ፀሐይ የሚያገኝበትን ቦታ ይወርሳል፤ ጥላ አይስማማውም። ወደ ቤት የሚገባው በሰው እጅ ነው፤ ልጃገረዶች ለእንቁጣጣሽ ለቅመው፣ ከለምለም ሣር ጋር አስረው፣ አበባ አየሁሽ እያሉ በየቤቱ ያድላሉ፤ ለደመራም በችቦው ላይ ይታሰራል። በየዓመቱ በነጻ የሚመጣን አበባ በጓሮ ለመትከል ያሰበ አልነበረም። ቤተ ክርስቲያን ከመስከረም 26 እስከ ኅዳር 5 ያለውን 40 ቀን ዘመነ ጽጌ ብላ፣ በአባ ጽጌ ድንግል ድርሰት በማኅሌተ ጽጌ ታከብረዋለች። አበባው በዜማና በበዓል ይህን ያህል ከፍ ያለ ቦታ ይዞ ሳለ በቤት አጥር ውስጥ ለአበባነቱ ብቻ የተተከለ ነገር ማግኘት አስቸጋሪ ነበር። ጓሮው ያብብ የነበረው ለሌላ ጉዳይ በተተከሉ ነገሮች ነው፦ ዋንዛው በመስከረም፣ ቡናው የበልግ ዝናብ ሲነካው፣ በሶብላውና ዳማ ከሴው በየጊዜያቸው። አጥሩን የሚጎነጉኑት ጠምበለልና ቀጋም ነጭ አበባ አላቸው፤ ቀጋ የኢትዮጵያ ደጋ የራሱ የዱር ጽጌረዳ ነው። ለበዓል ወለሉ ላይ የሚጎዘጎዘው ቄጤማ ከወንዝ ዳር ሲመጣ፣ ሽታውን የሚያሟሉት ጠጅ ሣርና አሪቲ ግን ብዙ ጊዜ ከጓሮው ይታጨዱ ነበር።

የጥላ እርሻ ወደ ሥርዓትነት ከፍ ያለበት ቦታ ዘጌ ነው። ከባሕር ዳር ፊት ለፊት ወደ ጣና የገባው ይህ ባሕረ ገብ መሬት እንደ ዑራ ኪዳነ ምሕረት ያሉ ገዳማት ያሉበት ሲሆን፣ ከዳር እስከ ዳር በትልልቅ ዛፍ የተሸፈነ ነው። የቦታው ትውፊት ጅማሬውን በ13ኛው ክፍለ ዘመን ከነበሩት ከአቡነ በትረ ማርያም ጋር ያያይዛል፤ ቡናው፣ ጌሾውና ሎሚው የእርሳቸው በረከት እንደሆኑ ይነገራል። በዘጌ መሬት በበሬ አይታረስም፣ ከብትም አይረባም። የዚህ ክልከላ ውጤት ግልጽ ነው፤ ሞፈር የማይገባበት አፈር ዛፉን አያጣም፣ ከብት የማይገባበት ደን ችግኙ አይጋጥም። ነዋሪው እህሉን ከውጭ እየገዛ ኑሮውን በዛፍ ሥር በሚበቅሉት ላይ መሠረተ፤ ቡናና ጌሾ በታንኳ ተጭነው ይወጣሉ፣ እህል ተጭኖ ይገባል። በዙሪያው ያለው ደን በእርሻ ሲመነጠር የዘጌ ጥላ ለዘመናት መቆየቱ ሃይማኖታዊ ሕግና የቤት ኢኮኖሚ እርስ በርስ ስለተደጋገፉ ነው። አንዱ ብቻውን ይህን ያህል ይዘልቅ ነበር ማለት ያስቸግራል።

በቀረው የሰሜን ደጋም ቤተ ክርስቲያን የጥላ ጠባቂ ነበረች። በቅጥሯ ያሉት ጥድና ወይራ አይቆረጡም፤ ከሥራቸውም መድኃኒት የሚሆኑ ቅጠሎች ይበቅላሉ። ስለ ቅጠል የተጻፈው እውቀት በአብዛኛው የደብተራዎች ነው። ፈረንሳዊው ማርሴል ግሪዮል እ.ኤ.አ. በ1930 የአንድ ደብተራን የመድኃኒት መጽሐፍ ተርጉሞ አሳትሟል፤ ፖላንዳዊው ሊቅ ስቴፋን ስትሬልሲን ደግሞ በ1968 እና በ1973 ስለ ኢትዮጵያ መድኃኒትና ዕፅዋት ሰፊ ጥናት አውጥቷል። የተጻፈው ከዚህ ወገን ሲሆን ያልተጻፈው፣ በየቀኑ የሚሠራበት እውቀት ግን የእናቶች ነበር። ምች የመታውን ሰው የዳማ ከሴ ቅጠል አሽቶ ጭማቂውን ማስማግና ማጠጣት፣ ለሆድ ቁርጠት ጤና አዳም መስጠት፣ እንስራውን በግራዋ ማጠብ መጽሐፍ ሳያስፈልግ ከእናት ወደ ልጅ የተላለፈ ነው። ዳማ ከሴ የበሶብላ የቅርብ ዘመድ ነው፤ እርጥብና ከፊል ጥላ ያለበት የአጥር ሥር ይስማማዋል። ጤና አዳምን የሚቀነጥሱ ሰዎችም ጭማቂው የነካው ቆዳ ፀሐይ ሲያገኘው እንደሚቃጠልና እንደሚቆስል ያውቃሉ፤ የዛሬው ሳይንስም ምክንያቱ በቅጠሉ ውስጥ ያሉ ከብርሃን ጋር የሚሠሩ ንጥረ ነገሮች መሆናቸውን አረጋግጧል።

ወደ ደቡብ ሲኬድ ጥላው መልኩን ይለውጣል፤ ዋናው የጥላ ምንጭ እንሰት ይሆናል። የፖርቱጋል ኢየሱሳዊው ማኑኤል ደ አልሜይዳ በ17ኛው ክፍለ ዘመን ስለ እንሰት ጽፏል፣ ብሩስም ሥዕሉን አሳትሟል። በጉራጌ፣ በሲዳማና በጌዴኦ እንሰት የሚተከለው ቤቱን ከቦ ነው። ምክንያቱ ፍግ ነው፤ ማታ ማታ ከሰው ጋር በአንድ ጣሪያ ሥር የሚያድሩት ከብቶች የሚሰጡት ፍግ በየቀኑ በሴቶች እጅ ወደ እንሰቱ ይወጣል። ተክሉ ለቆጮ እስኪደርስ ብዙ ዓመት ስለሚቆይ የሚጥለው ጥላም የብዙ ዓመት ጥላ ነው፤ በሥሩ ጎመን፣ ቡና፣ ጤና አዳምና ኮሰረት ይኖራሉ።

ኮሰረት ለብቻው ሊነገርለት ይገባል፤ የጓሮ እጅ ምን ሊሠራ እንደሚችል ከእርሱ የተሻለ ምስክር የለምና። የዱር ወንድሙ ከሴ በቁጥቋጦ መሬት የሚበቅል ሲሆን፣ በሳይንስ ስሙ ውስጥ የአድዋ ከተማ ትጠራለች። በአድዋ አካባቢ ዕፅዋት ሲሰበስብ የኖረው ጀርመናዊው ቪልሄልም ሺምፐር እ.ኤ.አ. በ1837 ወደ ኢትዮጵያ መጥቶ በ1878 እዚያው አርፏል፤ የደጋው ጦስኝም በሳይንስ ዓለም የሚጠራው በእርሱ ስም ነው። ከሴና ኮሰረት አንድ ዝርያ ናቸው፣ ነገር ግን ሽታቸው አይመሳሰልም። በኮሰረት ቅጠል ዘይት ውስጥ ሊናሎኦል የተባለው ጣፋጭ መዓዛ ያለው ንጥረ ነገር ይበረክታል፤ በዱሩ ግን የሎሚ ልጣጭን ሽታ የሚሰጠው ሊሞኒን ያመዝናል። ይህ ልዩነት በራሱ ጊዜ የመጣ አይመስልም። ቅቤ ሲነጠር የሚጥመውን ቅጠል እየመረጡ፣ ግንዱን እየቆረጡ ከጓሮ ወደ ጓሮ ያዛወሩ ሴቶች በብዙ ትውልድ የሠሩት የምርጫ ውጤት ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። የኢትዮጵያ ዕፅዋት ሊቅ ፕሮፌሰር ሰብስቤ ደምሰው ለምዶ የሚተከለውን ዓይነት በአማርኛ መጠሪያው ኮሰረት ብለው በሳይንስ ሰይመውታል። የጉራጌ ክትፎ ያለ ኮሰረት የተነጠረ ቅቤ አይሟላም፤ የቅጠሉ ዝናም ከክትፎው ጋር ወደ ከተማ ወጥቷል።

በጌዴኦ ደግሞ ጓሮና እርሻ የሚለያዩበት ድንበር ይጠፋል። ተራራው ላይ ዋንዛና ብርብራ ከላይ፣ ቡናና እንሰት ከመካከል፣ ቅጠላ ቅጠል ከታች ሆነው በደረጃ ተዘርግተዋል። ብርብራ ናይትሮጅን ወደ አፈር የሚመልስ፣ በኢትዮጵያ ብቻ የሚገኝ ዛፍ ነው፤ ገበሬው በቡናው መካከል የሚያስቀረው ለጥላው ብቻ አይደለም። ዩኔስኮ የጌዴኦን ባህላዊ መልክዓ ምድር በዓለም ቅርስነት የመዘገበው በመስከረም 2016 ዓ.ም. ነው። የሳይንስ ጥናትም ቀደም ብሎ ወደዚያው አቅጣጫ እያመለከተ ነበር፤ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲው ዘመደ አስፋውና ባልደረባቸው እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ የኢትዮጵያን ጓሮዎች አጥንተው የዕፅዋት ብዝኃነት ማከማቻ መሆናቸውን አሳይተዋል።

ጥላው ጥቅጥቅ ያለ ደን በሚሆንበት በደቡብ ምዕራብ፣ ማለትም በከፋ፣ በሸካ፣ በቤንችና በጅማ፣ ጥላ የግድ የሚሆንባቸው ቅመሞች ይገኛሉ። ኮረሪማ ከትልልቅ ዛፎች ሥር በእርጥብና በለስላሳ አፈር የሚበቅል የዝንጅብል ዘመድ ነው። አበባው ከመሬቱ አጠገብ ይወጣል፤ ፍሬው ሲበስል ይቀላል፤ ከተተከለ በኋላ ለፍሬ እስኪደርስ ጥቂት ዓመታት ይፈጃል። ጥላው ከተገለጠ ቅጠሉ ይቃጠላል። ጥምዝም የዚሁ ደን ነዋሪ የሆነ የቁንዶ በርበሬ ዘመድ ሲሆን መከለሻ ውስጥ ይገባል። የአካባቢው ሰው ኮረሪማን ከደን ይለቅማል፣ ሥሩን ከፋፍሎም በቤቱ ዙሪያ ከቡናው ጋር ይተክላል። ፍሬው ተበስቶ በክር ተሰክቶ ስለሚደርቅ ለመንገድ የተመቸ ነበር፤ በ19ኛው ክፍለ ዘመን የሲራራ ነጋዴዎች ከጊቤ ማዶ ከቡናና ከዝባድ ጋር ጭነው አባይን እየተሻገሩ እስከ ጎጃሙ የባሶ ገበያ፣ ከዚያም እስከ ጎንደርና ምጽዋ ያደርሱት ነበር። የዚያ ዘመን ንግድ ግን ቅመም ብቻ አልነበረም፤ በዚያው መንገድ፣ በዚያው ገበያ ባሮችም ተሸጠዋል፤ የኮረሪማን መንገድ የሚጽፍ ሰው ይህን ሊዘለው አይገባም። ሆላንዳዊው ፓውል ያንሰን እ.ኤ.አ. በ1981 ስለ ኢትዮጵያ ቅመሞችና መድኃኒት ዕፅዋት ባሳተመው መጽሐፍ ኮረሪማ የዛሬውን የሳይንስ ስሙን አገኘ። ደኑ በተመነጠረ ቁጥር ኮረሪማውም አብሮ ይሄዳል፤ መሬቱ ሌላ ሰብል ሊያበቅል ይችላል፣ ኮረሪማ ግን ያለ ጥላ አይሆንለትም።

አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ስትቆረቆር የጓሮ ታሪክ አዲስ ምዕራፍ ያዘ። መኳንንቱ ሰፋፊ ግቢ ተሰጣቸው፤ አሽከሩና ወታደሩ በዙሪያው ሰፈረ፤ የተራራው ዛፍ ለማገዶና ለቤት ሥራ በጥቂት ዓመት አለቀ። ዳግማዊ ምኒልክ በ1893 ዓ.ም. አካባቢ ከተማውን ወደ አዲስ ዓለም ለማዛወር ያሰቡት በዚህ የእንጨት እጦት ምክንያት ነበር። ከተማዋን ያተረፋት በ1880ዎቹ ሁለተኛ አጋማሽ የገባው ባሕር ዛፍ ነው፤ ጓሮውን ግን አልጠቀመውም። ባሕር ዛፍ ውኃ ይጠጣል፣ የረገፈ ቅጠሉም በሥሩ ሌላ እንዲበቅል አይፈቅድም። እንደ ዋንዛና እንሰት ጥላ ለቅመም የሚመች ጥላ ስላልሆነ የአዲስ አበባ እናቶች ጤና አዳማቸውንና በሶብላቸውን ከዛፉ አርቀው ከግድግዳና ከአጥር ሥር ተከሉ። ለአበባነቱ ብቻ የሚተከል አበባም በስፋት የታየው በዚህች ከተማ ነው፤ ከውጭ የመጣው ጽጌረዳ በቪላው የፊት በር በኩል ቦታ ሲያገኝ ጤና አዳሙ ከጀርባ ቀረ። በጣሊያን ወረራ ዘመን የተመሠረተው መርካቶ ደግሞ ሌላ በር ከፈተ፤ በበርበሬ በረንዳና በአካባቢው የየክፍለ ሀገሩ ቅመም ደርቆ ስለሚሸጥ ጓሮ የሌለውም ሰው ኮረሪማና ኮሰረት ማግኘት ቻለ።

ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት አዋጅ ግቢውን ከሥሩ ለወጠው። መሬቱ የመንግሥት ሆነ፤ ለመኖሪያ የሚፈቀደው ቦታ ከ500 ካሬ ሜትር እንዳይበልጥ ተወሰነ፤ ብዙ ቤቶች የቀበሌ ሆነው በርካታ ቤተሰብ በአንድ ግቢ ኖረ። ጓሮው ጠበበ፤ ነገር ግን የጋራ ሆነ። አንዲት የጤና አዳም ቁጥቋጦ ለአንድ ግቢ ቡና ሁሉ ትበቃለች፤ ጎረቤት ቅጠል ሲጠይቅ መከልከል ነውር ነው። ከ1990ዎቹ ሁለተኛ አጋማሽ ጀምሮ የተስፋፋው ኮንዶሚኒየም ደግሞ ቤቱን ከመሬት አነሣው። በዚህ ጊዜ የቀረው ጥላ የፎቅ ጥላ ነው። ጤና አዳም፣ ናናና የጥብስ ቅጠል በዘይት ጣሳና በተቆረጠ ጀሪካን በረንዳ ላይ ይኖራሉ፤ በሶብላ የቀኑን ብዙ ክፍል ፀሐይ የሚያገኝ በረንዳ ይሻል። ቡና፣ ጌሾና ኮረሪማ ግን ወደ ፎቅ አልወጡም።

ባሕር ማዶ ያሉት ኢትዮጵያውያንም ተመሳሳይ ምርጫ ገጥሟቸዋል። በእስራኤል ጤና አዳም በኮረብታው ላይ በዱር የሚበቅል ስለሆነ ከኢትዮጵያ የሄዱት እናቶች የሚያውቁትን ቅጠል እዚያው አግኝተዋል። በዋሽንግተን ዙሪያና በአውሮፓ ከተሞች በክረምት ብርድ ምክንያት ከነማሰሮው ወደ ቤት ይገባል፣ ሲሞቅ ይወጣል። ኮሰረትና ኮረሪማ ግን እስከ ዛሬ ደርቀው፣ ታሽገው፣ በሻንጣና በነጋዴ እጅ ከሀገር ቤት ይሄዳሉ።